የተቀበረ እግር ይግባኝ

ማይሙና እድፍ አትጠየፍም። ብትጠየፍ ኖሮ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ ሰባት የሚባል ሰፈር ተቀምጣ ይህን ያህል ዘመን የሰው ልብስ አጥባ ባልኖረች። የዓሣ አጥማጁን ሸሚዝ ከነቅርፊቱ፣ የወደብ ጫኙን ሱሪ ከነግራሶው፣ የሕፃኑን ጨርቅ ከነምናምኑ ተቀብላ ሳፋ ውስጥ ትዘፈዝፈዋለች፤ በማግሥቱ ባለቤቱ «የኔ ነው?» ብሎ እስኪጠራጠር አንጥታ ትመልሰዋለች። «እድፍ ምን አለው?» ትላለች። «እድፍ እኮ ሐቀኛ ነው። ይታያል፣ ይሸታል፣ በረኪና ስታፈሽበት ይሄዳል።» እሷ የምትጠየፈው ሌላ ነገር ነው። ምን እንደሆነ እስክታውቀው ድረስ ግን ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ያወቀችውም በባሏ እግር ምክንያት ነው።

ያደገችው ድሬዳዋ፣ መጋላ ውስጥ ነው። አጎቷ የባቡር ሠራተኞችን ልብስ የሚተኩስባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው፤ ካውያ መያዝ የተማረችው እዚያ፣ ከሰል በሚሞላው ከባዱ ካውያ ነው። ሙጠሊብ ዒድን ከዘመዶቹ ጋር ሊያሳልፍ ከጅቡቲ መጥቶ የወታደር ሸሚዙን ይዞ ወደዚያች ሱቅ ገባ። አያቱ ከሐረር ለንግድ ወርደው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ራሱ ካርቲየ ሰባት የተወለደ የጅቡቲ ዜጋ፣ የሠራዊቱ ሾፌር ነበር። «እኔ ያገባሁት እሷን መስሏችሁ! የሸሚዜን ኮሌታ ነው ያገባሁት» እያለ ሲያሾፍባት ኖሯል። ቤታቸው ውስጥ በአማርኛ ይጫወታሉ፣ በሶማሊኛ ይጣላሉ፣ ፈረንሳይኛውን ለቢሮ ያስቀምጡታል። አላህ ልጅ አልሰጣቸውም፤ እንደ ልጅ የሚሽሞነሞነው የሙጠሊብ ዩኒፎርም ነበር። በሩዝ ውሃ አጠንክራ፣ ውሃ እረጭ እረጭ አድርጋ ስትተኩሰው የሱሪው መስመር ጣት ይቆርጣል ይሉ ነበር ጓደኞቹ። እሱም ያንን ለብሶ ሲወጣ ጠባቡ መንገድ ላይ ያሉት ሰዎች ቦታ ይለቁለታል።

ወታደር ወደ ሶማሊያ ሲላክ ሙጠሊብም የውሃ ቦቴ እየነዳ ሄደ። አንድ ቀን መንገድ ላይ የተቀበረ ፈንጂ ቦቴውን ገለበጠው። በሁለቱም እግሮቹ ውስጥ ስብርባሪ ብረት ገባ። ሐኪሞቹ በእጃቸው የደረሰላቸውን አወጡ፤ አጥንትና የደም ሥር ተጠግቶ የቀረውን «ለጊዜው ባይነካ ይሻላል» ብለው ሰፉበት። ከሠራዊቱ ተሰናበተና በዱላ ተደግፎ ወደ ካርቲየ ሰባት ተመለሰ።

እዚህ ላይ አንድ ካርድ አለች። የጦር ቁስለኛ መሆኑ የተረጋገጠለት ሰው ካርዷን ይይዛል፤ ካርዷን የያዘ በወታደር ሆስፒታል በነፃ ይታከማል፤ እንደ ሙጠሊብ ያለ፣ ብረት የደም ሥር ተጠግቶ የቀረበትን የሚያወጣው ቀዶ ሐኪምም ያለው እዚያ ነው። ካርድ የሌለው በሩ ላይ ካለው ዘበኛ አያልፍም። የሙጠሊብን ጉዳት የመዘነው ቢሮ «አነስተኛ ነው፣ ለካርድ አይበቃም» አለ። ቅር ያለው ይግባኝ ማለት ይችላል አሉት። ቅር ብሎት ይግባኝ አለ።

የይግባኝ ኮሚሲዮኑ የሚሰበሰበው አሮጌ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም። እግር የለኝም የሚሉ ሰዎችን አቤቱታ የሚሰማ ጉባኤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማስቀመጥ የማን ሐሳብ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ቁስለኞቹ ግን «ደረጃውን ከወጣህ ደህና ነህ፣ ካልወጣህ ቀርተሃል» እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ እውነት ነው። ደረጃው ላይ ደክሞት ቁጭ ብሎ ስሙ ሲጠራ ያልደረሰ ሰው ዶሴው ይዘጋል።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ ማይሙና ሱሪውን ከዒድ ልብስ አስበልጣ ተኮሰችው። ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው ታጥቦ፣ ተተኩሶ ነው የሚቀርበው፤ አጎቷም፣ እናቷም፣ መጋላም እንዲህ ነው ያስተማሯት። ሙጠሊብ ፂሙን ተላጨ። ደረጃውን እንደምንም ወጡና በሩ ላይ ሲደርሱ ዱላውን ሰጣት።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለችው።

«መኮንን ፊት በዱላ አልገባም» አላት።

ገባና በተጠንቀቅ ቆመ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጣ መኮንን ነው፤ ከግራው ጸሐፊ፣ ከቀኙ ወጣት ሐኪም ተቀምጠዋል። የአየር ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ሰብሳቢው ዶሴውን ገልበጥ ገልበጥ አደረገ፤ ስልኩ ጠራና አነሳ፤ ከድሬዳዋ በኩል የሚመጣው ጫት ዘግይቶ ኖሮ ስለ ጫቱ ረጅም ወሬ አወራ፤ ስልኩን ዘጋ። ሐኪሙ የራሱን ስልክ ይነካካል። ተቀመጥ ያለው የለም። ሙጠሊብም ወታደር ነውና ተቀመጥ ካልተባለ አይቀመጥም። ከበሩ አጠገብ ቆማ የነበረችው ማይሙና አንገቱ ላይ ላቡ ሲወርድ፣ ግራ ጉልበቱ ሱሪው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ታያለች፤ አፍ አውጥታ መናገር ግን ፈራች።

«ያምሃል?» አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ።

«አያመኝም ጌታዬ!»

ይኸው ነው እንግዲህ። ወታደር አለቃው «ደከመህ?» ሲለው «ደከመኝ» ይላል? «ፈራህ?» ሲለው «ፈራሁ» ይላል? ሙጠሊብ ከልጅነቱ ጀምሮ ለዚህ ጥያቄ የተማረው መልስ አንድ ብቻ ነው። ሰብሳቢውም ራሱ ወታደር ነበርና መልሱ ከየት እንደመጣ ከማንም በላይ ያውቃል። ያውቃል፤ ቢሆንም ጻፍ አለው ጸሐፊውን።

ሲወርዱ ሙጠሊብ ደረጃው መሀል ተቀመጠና አስመለሰው። ውሳኔው ከጊዜ በኋላ መጣ፦ «አመልካቹ ያለ ድጋፍ ለረጅም ጊዜ መቆም የሚችል፣ አለባበሱ የተስተካከለ፣ ሕመም የማይሰማው መሆኑን በራሱ አንደበት የገለጸ ስለሆነ ይግባኙ ውድቅ ተደርጓል።» ማይሙና «አለባበሱ የተስተካከለ» የምትለዋን ሰምታ ከተቀመጠችበት ተነሳች። በገዛ እጇ የተኮሰችው ሱሪ ቆሞ መስክሮበታል። ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ ወረቀት የተጠየፈችው።

ጎረቤታቸው ጀዋሪያ፣ ጫት ሻጯ፣ ይህን ስትሰማ አዘነችም ሳቀችም። «አንቺ ሞኝ! ሰው ለይግባኝ ተኩሶ ይልካል? እጁ ተጎድቷል የተባለውን ወታደር፣ ዘይድን አላየሽውም? እጁ ከኔ እጅ ይጠነክራል፤ ግን ቡቱቶ ለብሶ፣ ለሃጩን እያዝረከረከ፣ እየተንቀጠቀጠ ገባ። ካርዷን ይዞ ወጣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እናቴ።»

ማይሙና ወደ ቤት ገብታ አሮጌ ሱሪ ፈልጋ ከሰል ልትቀባው ጀምራ ነበር። የሚያሳዝነው ይሄ ነው፤ አድፎ የመጣውን ልብስ ስታነጣ የኖረች ሴት ንጹሑን ልታሳድፍ ተቀመጠች። ሙጠሊብ አያትና «ተይው አቦ። ቁስለኛ ነኝ እንጂ ለማኝ አይደለሁም» አላት። ሱሪውን መልሳ አጠበችው።

ከዚያ በጋው ገባ። ኸምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው አቧራ እያነሳ የቆርቆሮ ቤቶቹን ምድጃ የሚያደርግበት ጊዜ ነው። የሙጠሊብ ግራ እግር አበጠ፤ ቀጥሎ ጠቆረ፤ ቀጥሎ ሸተተ። በወታደር ሆስፒታል በር ላይ ካርድ ጠየቋቸው። ካርድ የለም። ሰፈሩ ተሰብስቦ አዋጣና ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰዱት። እዚያ ያለው ሐኪም ደህና ሰው ነበር፤ ራጅ አስነስቶ አየና «ብረቱ መርዞታል። ቀደም ብሎ ቢወጣ ኖሮ እግሩ ይተርፍ ነበር። አሁን እግሩን ወይም ሰውየውን ነው» አላቸው። ሰውየውን መረጡ። እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ነርሷ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣችና «ትወስዱታላችሁ?» አለቻቸው። የሙጠሊብ ወንድም ሙሕሲን ተቀበላት። የሰው አካል ቆሻሻ ላይ አይጣልም፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ አፈር ይለብሳል፤ እነሱ ዘንድ ወጉ እንዲህ ነው። ማይሙና ነጭ አንሶላ ቀደደችና እንደ ሕፃን ጠቀለለችው። ሙሕሲን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሚኒባስ ከከተማው ዳር ወዳለው በልበላ ሄደ። አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ጥቅሉን ዳሰስ አድርጋ «ሥጋ ነው? የት አገኘህ፣ እዚህ እኮ ተወዷል» አለችው። «የወንድሜ ነው» አላትና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከሚኖርበት ሰፈር ከሃያብለ ማዶ ባለው መቃብር ዳር ትንሽ ጉድጓድ አስቆፍሮ ቀበረው። ሙጠሊብ ከማደንዘዣው ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው «ደህና አሳረፋችሁት?» ብሎ ነው።

«እንግዲህ አሁንማ ምን ክርክር አለ?» አለ ሰፈሩ ሁሉ። እግሩ የለም። የሌለ እግር «ያለ ድጋፍ ይቆማል» አይባልም። ማይሙናም እንደዚያው አመነች። ደግሞም ማመን ነበረባት፤ ምክንያቱም ሐኪሙ ሌላውን እግርም በራጅ አይቶት ነበር። «ይሄኛውም ብረት አለበት። ቶሎ ካልወጣ ያንኛውን ይከተላል። ይሄን ደግሞ የሚያወጡት የወታደር ሆስፒታል ሐኪሞች ናቸው፤ እኛ አንችልም» ብሏታል። ቀኝ እግሩ ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ መንፋት ጀምሯል። ካርዷ ካልወጣች ሙጠሊብ ሁለቱንም እግሮቹን ያጣል፤ ነገሩ እንግዲህ ይህን ያህል ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ይግባኝ ቀን ሙሕሲን ወንድሙን አዝሎ ደረጃውን ወጣ። የኮሚሲዮኑ ሰዎች እነዚያው ናቸው። ሰብሳቢው ባዶውን የሱሪ እግር አየና በረጅሙ ተነፈሰ።

«እግርህ መቆረጡን ኮሚሲዮኑ አይክድም» አለ። «ጥያቄው ለምን ተቆረጠ ነው። ስኳር አለብህ?»

«የለብኝም ጌታዬ። ብረት ነው።»

ማይሙና ራጁን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሰብሳቢው በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ መብራቱ ያዘው፤ ለሐኪሙ አቀበለው። ሐኪሙ አየው፤ ምንም ሳይል መልሶ አስቀመጠው።

«ራጁ ብረት መኖሩን ያሳያል» አለ ሰብሳቢው። «የምን ብረት እንደሆነ አያሳይም። ሾፌር አልነበርክም እንዴ? ጋራዥ ውስጥም እኮ ብረት እግር ይገባል።»

«ሁለቱም እግር ውስጥ?» አለች ማይሙና። ሳታስበው አምልጧት ነው።

«ማዳም፣ አንቺ አመልካች አይደለሽም። ከእግሩ የወጣው ብረት የት አለ? ባለሙያ ይየው፤ የፈንጂ ከሆነ ይታወቃል።»

«ከእግሩ ጋር ተቀብሯል።»

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። ሰብሳቢው ወደ ኋላ ተለጠጠና ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ማይሙናን እስከ ዛሬ ከእንቅልፏ ያነቃታል። «ማስረጃ ቀበራችሁ?» አለ።

«እኛ ማስረጃ አልቀበርንም» አለች። «እግር ነው የቀበርነው።»

«እንግዲህ አቅርቡት። ካላቀረባችሁ የቀድሞው ውሳኔ ይጸናል።» ሰዓቱን አየ። ጫት የሚደርስበት ጊዜ ተቃርቧል፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ከተማ ቢሮ የሚገኝ ሰው የለም።

በሚኒባስ ተመለሱ። ቤት ሲደርሱ ሙሕሲን «ሼኹን ልጠይቅ» ብሎ ወጣና ተመለሰ። ሼኹ ጭንቀት ከሆነ፣ ነፍስና አካል ለማትረፍ ከሆነ ይፈቀዳል ብለዋል። ሙጠሊብ ግን ፍራሹ ላይ ቀና ብሎ «አይነካም» አለ። «ግማሼ ዐርፏል። ተዉት ይረፍ። እኔ በሕይወት እያለሁ መቃብሬ አይቆፈርም።»

«ሁለተኛውንስ ልቅበር?» አለችው ማይሙና።

ሽርጡን ወደ ቀኝ እግሩ ሳበ።

«መልስልኝ እንጂ! አንዱን በአንሶላ ጠቀለልኩ። የቀረኝ አንድ አንሶላ ነው። ለዚያኛውም እሱን ልቅደድ?»

ከዚያን ቀን በፊት በሙጠሊብ ላይ ድምፅዋን እንዲህ ከፍ አድርጋ አታውቅም። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና «የወደድሽውን አድርጊ፣ እኔን ግን አትንገሪኝ» አላት።

ከዐስር ሶላት በኋላ ከሙሕሲን ጋር መቃብሩ ሄዱ። ጠባቂው ሽማግሌ ሶማሌ ናቸው፤ የመጡበትን ነገሯቸው። «ልጆቼ፣ እዚህ ሰው ሊያስቀምጥ ነው የሚመጣው» አሉ። «ሊወስድ የመጣ አላየሁም።» ሙሕሲን ነገሩን አስረዳቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ምራቃቸውን አፈሩ ላይ ተፉና «እነዚህ ሰዎች እናት የላቸውም?» ብለው አካፋውን ሰጧቸው።

አፈሩ ድንጋይ የበዛበት ነው። ጥልቅ አልነበረም። ነጩ ጨርቅ ሲወጣ ሽታው አብሮ ወጣ፤ ሙሕሲን አካፋውን ጥሎ ዞር አለና አስታወከ። ማይሙና አልዞረችም። ተንበርክካ ጨርቁን ፈታች፣ ፕላስቲኩን ቀደደች፣ ለዓመታት የሰው ልብስ ባሸችበት እጇ ገብታ ፈለገች። ይህ እግር ሌሊት ሌሊት በቅባት ያሸችው እግር ነው። ጣቶቹን ታውቃቸዋለች። ቢስሚላህ እያለች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፣ የተምር ፍሬ የሚያክል ብረት አገኘች፤ ከሱ ስር ደግሞ ሌላ፣ ጫፉ እንደ ምላጭ የተሳለ። ሥጋው ተጣብቆበታል። ሌላውን ሁሉ መልሳ ጠቀለለችና ራሷ አፈር አለበሰችው።

ጠባቂው በባልዲ ውሃ አመጡላቸው። ሙሕሲን «እጅሽንም፣ እሱንም እጠቢው በይ» አላት። እጇን ታጠበች። ብረቱን ወደ ውሃው ስታስጠጋው ግን እጇ አየር ላይ ቆመ።

ከእጇ ሳይታጠብ የወጣ ዕቃ የለም። ማይሙና የምትታወቀውም፣ የምትኮራበትም በዚህ ነው። አሁን ግን እንዲህ ብላ አሰበች፦ ካጠብኩት ያበራል፤ ካበራ የጋራዥ ብረት ነው ይሉኛል። ሱሪውን ተኩሼ አጠፋሁት፤ ይሄንንም አጥቤ አጠፋዋለሁ። እንዳለ፣ ከነሥጋው፣ የቲማቲም ድልህ በነበረበት ጣሳ ውስጥ ከተተችውና ክዳኑን ገጠመች። ለሰዎቹ የሚገባቸው ይሄ ነው ብላ ነው። እንዲህ ብላ ማሰቧ ራሷን አስጠላት፤ ግን ሐሳቧን አልቀየረችም።

በቀጠሮው ቀን ሙጠሊብ መምጣት አልቻለም፤ ቀኝ እግሩ ጫማ አልቀበል ብሏል። ከሙሕሲን ጋር ሄደች። ረፋዱ ሲያልቅ ተጠሩ።

«አመልካቹ የት አለ?» አለ ሰብሳቢው።

«ደረጃችሁ አቃተው።»

«ማስረጃውስ?»

ማይሙና ጣሳዋን ጠረጴዛው ላይ፣ ከዶሴዎቹ መሀል፣ ከሰብሳቢው የሻይ ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጠችና ክዳኑን አነሳች።

ለማቀዝቀዣው ሲባል መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር። ሽታው መጀመሪያ የደረሰው ጸሐፊው ጋ ነው፤ ወረቀቱን ጥሎ ወደ በረንዳው ሮጠ። ሰብሳቢው ወንበሩን በእግሩ ገፋ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ደፈነ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። «ዝጊው! ዝጊው አልኩሽ!»

«አቅርቡ ብለውኝ ነው ጌታዬ። አቀረብኩ። ይዩት።»

«አይተናል!»

«አላዩትም። አፍንጫዎን ይዘው ጣራውን ነው የሚያዩት።»

«ተቀብለናል! ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል! ሰማሽ? ካርዱ ይሰጠዋል! አሁን ይሄን ነገር አውጪልኝ!»

ሙሕሲን ክንዷን ያዛት። ይኸው እኮ፣ የለመኑት ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተሰጣቸው። የፈንጂው ቀን አልበቃም፤ ደረጃው ላይ ያስመለሰው አልበቃም፤ ራጁ አልበቃም፤ የተቆረጠው እግር አልበቃም። ለአፍንጫቸው ግን ወዲያው ራሩ። ማይሙና ይህን ስታስብ መሄድ አቃታት።

«ባለሙያ ይየው ብለዋል» አለች። «ባለሙያ ሳያየው አልወጣም።»

ወጣቱ ሐኪም እስካሁን ከወንበሩ አልተነሳም ነበር። ተነሳና ቀረበ፤ ጣሳዋ ላይ ጎንበስ አለ። እሱም አፍንጫውን ይዟል፤ ግን አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ከሽታው ይሁን ከሌላ ነገር አታውቅም።

«የፈንጂ ስባሪ ነው» አለ በሶማሊኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምንም ጥርጥር የለውም።»

«ራጁን ያኔ ስታየውስ?» አለችው። «ያኔ አላወቅኸውም?»

ወደ ሰብሳቢው ሰረቅ አድርጎ አየ። ሰብሳቢው በረንዳው በር ላይ ሆኖ አየር ይስባል። ሐኪሙ መልሶ ወደ ማይሙና ዞረ።

«ያኔም ያስታውቅ ነበር፣ እናቴ» አለ።

ማይሙና አፏ በምራቅ ሞላ። ምንጣፉ ላይ ልትተፋው፣ ከቻለችም ከሱ አሳልፋ የሰብሳቢው ጫማ ላይ ልታደርሰው አሰበች። ከዚያ ምንጣፉን ነገ ጠዋት ተንበርክካ የምታጥበውን ሴት አሰበችና ዋጠችው። ጣሳዋን ከድና ወጣች።

ወደ ቤት ከመሄዷ በፊት ወደ መቃብሩ ተመልሳ ብረቱን ከእግሩ ጎን አስቀመጠችው። ካርዷ ከሳምንታት በኋላ ወጣች፤ የሰብሳቢው ፊርማ ያረፈባት፣ ፎቶ የተለጠፈባት፣ የምታብለጨልጭ ካርድ። ሙጠሊብ ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ አደረጋት፤ እንዴት እንደተገኘች አልጠየቀም፤ እሷም አልነገረችውም። በወታደር ሆስፒታል በር ላይ ያቺን ካርድ ሲያሳዩ ዘበኛው ሰላምታ ሰጣቸው። ማይሙና ዘበኛውን እንኳ ተጠየፈችው፤ እሱ ምንም አላደረገም፣ ግን አልቻለችም።

ቀዶ ሕክምናው ረጅም ነበር። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ ወጥቶ «እግሩ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ» ሲላት ግድግዳውን ተደግፋ ወረደችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እዚያው ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ሙሕሲንም አብሯት አለቀሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስታ የሚመስል ነገር ደረቷ ውስጥ ገባ።

ትንሽ ቆይቶ ነርሷ በትንሽ ሳህን የወጡትን ብረቶች ይዛ መጣች። ደም ለብሰዋል። «ብዙ ሰው ለማስታወሻ ይወስደዋል፤ ቆይ ላጥብልሽ» ብላ ወደ ቧንቧው ዞረች።

«ተይ! እንዳታጥቢው!»

ጩኸቷ ኮሪደሩን አቋርጦ ሄደ። ነርሷ ደንግጣ ቆመች፤ ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎችም ዞር ዞር ብለው አዩ። ማይሙና ተነስታ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች።

«ደሙ እኮ ይሸታል እናቴ» አለች ነርሷ። «ለምን እንዲህ ትይዥዋለሽ?»

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገና የሚያዩት ሰዎች አሉ» አለች ማይሙና።